«ከክርስቲያን ጋር መነጋገር ጊዜ ማባከን ነው» ላለው የጅማ ወንድሜ

ሰሞኑን በጅማ ወጣቶች መካከል ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ስሙን አልጻፈም፤ የከተማችን ልጅ መሆኑን ግን ይናገራል። ዋና ሐሳቡ «ከክርስቲያን ጋር ስለ መጽሐፍ ቅዱስ መነጋገር ጊዜ ማባከን ነው» የሚል ነው። ለዚህም ሰባት ምክንያት ያቀርባል። መጽሐፉ ሲገለበጥ ተበርዟል። ኢየሱስን አምላክ ያደረገው የኒቅያ ጉባኤ ነው። ክርስቲያኖች በመጻሕፍቱ ቁጥር እንኳ አይስማሙም። ከመጽሐፉ ውጭ ስለ ኢየሱስ ማስረጃ የለም። ወንጌላቱ እርስ በርስ ይጋጫሉ። መጽሐፉ ባርነትን የሚደግፍ የጌቶች መጽሐፍ ነው። በመጨረሻም አማኝ ምን ቢቀርብለት ሐሳቡን አይቀይርም።

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አንዳንዱ ነጥብ ሳይጣራ የተጻፈ ነው። አንዳንዱ ደግሞ የምር ከባድ ነው፤ እሱን በቀላሉ አላልፈውም። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። «አንተ» ማለቴንም በወንድምነት ያዝልኝ።

«ተበርዟል» ከሚለው ልጀምር። ጅማ ላይ ይህን ጥያቄ ሳይሰማ ያደገ ክርስቲያን የለም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ያነሱታል። አሁን ደግሞ ሃይማኖት የለኝም የሚሉ ወጣቶችም ያነሱታል። አንተ የምትለው እንዲህ ነው፦ አንዱ ከአንዱ ገለበጠ፣ እሱም ለሌላው አስተላለፈ፣ በየመሃሉ ስሕተት ገባ፣ ዛሬ እጃችን ላይ ያለው ሌላ ነገር ነው።

ይህ የሚሠራው ቅጂው በአንድ መስመር ብቻ ቢመጣ ነበር። አንድ መምህር ሰሌዳ ላይ የጻፈውን 40 ተማሪ ገለበጠ እንበል። ሰሌዳው ተጠረገ። አንዱ ቃል ዘሏል፣ አንዱ ፊደል ስቷል፣ ሌላው መስመር ደግሟል። 40ውንም ደብተር ጎን ለጎን ብትዘረጋ ግን መምህሩ የጻፈውን ታገኘዋለህ። ሁሉም ተማሪ አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ አይሳሳትምና።

የሐዲስ ኪዳን የግሪክኛ ቅጂዎች ከቁርጥራጩ እስከ ሙሉው ሲቆጠሩ ከ5,000 ይበልጣሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት በመቶ ሺዎች ይቆጠራል ብለሃል፤ ልክ ነህ። ያልጻፍከው ግን ልዩነቱ የበዛው ቅጂው ስለበዛ መሆኑን ነው። አብዛኛው የፊደል አጣጣልና የቃል ቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። አንድ ቅጂ ብቻ ቢኖረን ኖሮ ምንም ልዩነት አይገኝም ነበር፤ የምናመሳክርበትም አይኖረንም ነበር።

ማንቸስተር ከተማ በሚገኘው የጆን ራይላንድስ ቤተ መጻሕፍት አንድ የፓፒረስ ቁራጭ አለ። መጠኑ ከመዳፍ አይበልጥም። ጠርዙ ተበልቷል፣ መስመሮቹ መሃል ላይ ይቆረጣሉ። በሁለቱም ገጽ ተጽፎበታል። ያለበት ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18፣ ኢየሱስ ጲላጦስ ፊት ቆሞ የሚነጋገርበት ክፍል ነው። ምሁራን በአብዛኛው ወደ 2ኛው ክፍለ ዘመን ይወስዱታል። የዛሬውን ወንጌልህን ከፍተህ ብታስተያየው ያው ንግግር ነው።

ብሉይ ኪዳን ላይ ደግሞ በ1947 በሙት ባሕር አጠገብ ባለው ቁምራን ዋሻ የተገኘውን የኢሳይያስ ጥቅልል ተመልከት። ርዝመቱ ከ7 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ በፊት እጃችን ላይ ከነበሩት የዕብራይስጥ ቅጂዎች በ1,000 ዓመት ገደማ ይቀድማል። የፊደልና የቃላት ልዩነት አለው፤ መጽሐፉ ግን ያው ኢሳይያስ ነው። ሁሉም መጽሐፍ እንደዚህ ነው አልልህም። ኤርምያስ እዚያው ቁምራን በአጭርም በረጅምም ይዘት ተገኝቷል። የማርቆስ ወንጌል መጨረሻ፣ ከ16፥9 እስከ 20 ያለው፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፉት በሁለቱ ታላላቅ ብራናዎች፣ በሲናይቲኩስና በቫቲካኑስ፣ ውስጥ የለም። በምንዝር የተያዘችው ሴት ታሪክም በጥንታዊዎቹ የዮሐንስ ቅጂዎች ላይ አይገኝም። ይህን ያወጡት ብራናውን ሲመረምሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም አማኞች። ብዙ ዘመናዊ እትሞች በግርጌ ማስታወሻ ይጽፉታል። መበረዝ ማለት ማንም ሳያውቅ የተቀየረ ነገር ከሆነ፣ እዚህ ያለው ግን የቱ ቦታ ላይ ምን ዓይነት ልዩነት እንዳለ ቁጭ ብለን የምንነጋገርበት ነገር ነው።

ሩቅ መሄድም የለብንም። አድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የተጠበቁት የግእዝ ወንጌሎች በላቦራቶሪ ተመርምረው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተጻፉ ታውቋል። ከዓለም ጥንታዊ ባለሥዕል ወንጌሎች መካከል ናቸው። ያገራችን መነኮሳት በጦርነትና በእሳት መሃል ያቆዩትን ነገር «ማን ያውቃል ምን እንደነበር» ብሎ ማለፍ ያሳዝነኛል።

ወደ ኒቅያ ልለፍ። «በ325 ቆስጠንጢኖስ ጳጳሳትን ሰብስቦ መጻሕፍቱን አስመረጠ፣ ኢየሱስንም በድምፅ ብልጫ አምላክ አስደረገ» ብለሃል። ይህ በልብ ወለድና በፊልም የተስፋፋ ወሬ ነው። ጉባኤው 20 ቀኖናዎች፣ ማለትም የሥርዓት ድንጋጌዎች፣ አውጥቷል፤ አንዱም የመጻሕፍት ዝርዝር አይደለም። አጀንዳው «ወልድ ፍጡር ነው» ያለው የእስክንድርያው ካህን የአርዮስ ትምህርት፣ የፋሲካ ቀንና የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ነበር። ዛሬ የምናውቃቸውን 27ቱን የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ዘርዝሮ የምናገኘው በ367 አትናቴዎስ በጻፈው የፋሲካ መልእክት ላይ ነው። ይህ አትናቴዎስ የእኛውን አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ራሱ ነው።

ኢየሱስን እንደ አምላክ ማምለክ ከኒቅያ በፊት እንደነበረ ደግሞ ክርስቲያን ያልሆነ ምስክር አለልህ። ፕሊኒ የሚባል የሮም አገረ ገዥ ወደ 112 ገደማ ለንጉሠ ነገሥት ትራያን ደብዳቤ ጻፈ። ክርስቲያኖችን አስሮ መርምሯል፤ በክርስትናቸው የጸኑትን አስገድሏል። ስለ ልማዳቸው ሲገልጽ ሳይነጋ ተሰብስበው «ለክርስቶስ እንደ አምላክ» ይዘምራሉ ይላል። ከኒቅያ ከ200 ዓመት በላይ በፊት ማለት ነው። የሚዘምሩት ሰዎች ደግሞ በንጉሥ የተደገፉ ሳይሆኑ በንጉሥ የሚገደሉ ናቸው። ጉባኤው የተጣላው ኢየሱስ ይመለክ አይመለክ በሚለው ላይ አይደለም፤ አርዮስም ያመልከው ነበር። ክርክሩ ከአብ ጋር ያለው አንድነት ምን ዓይነት ነው በሚለው ላይ ነው። በዚህ አትስማማ፤ መብትህ ነው። ግን ያልተደረገን ነገር ተደረገ አትበል።

ስለ መጻሕፍቱ ቁጥር ባነሳኸው አጭር መልስ አለኝ። አዎ፣ ኦርቶዶክስ 81፣ ካቶሊክ 73፣ ፕሮቴስታንት 66 ይላል። እኔ በ81ዱ ያደግሁ ነኝ። ግን ከማቴዎስ እስከ ራእይ ባሉት 27 መጻሕፍት ላይ ሦስቱም አንድ ናቸው። እኛ የሥርዓት መጻሕፍትን ጨምረን በምንቆጥርበት ጊዜም እነዚህ 27ቱ አይነኩም። ስለ ክርስቶስ ልደት፣ ስቅለትና ትንሣኤ የምንለው ሁሉ እነሱ ላይ ነው የቆመው። መጽሐፈ ሔኖክን «ሌላው ዓለም የጣለው ተረት» ስትል ግን አንድ ነገር ላስታውስህ። ሙሉው ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ብቻ ነው። ጀምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ ሲገባ እዚያ ብዙዎች ጠፍቷል ብለው ነበር። በኋላ ቁምራን ላይ የአረማይክ ቁርጥራጮቹ ተገኙ። መጽሐፉ ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረ መሆኑ ተረጋገጠ። የይሁዳ መልእክትም ይጠቅሰዋል። ቀኖና ነው አይደለም የሚለው ክርክር ይቀጥል፤ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ከኪሳቸው ያወጡት ነገር እንዳልሆነ ግን ታውቋል።

«ከመጽሐፉ ውጭ ማስረጃ የለም» የሚለው በጣም ደካማው ነጥብህ ነው። የሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ ወደ 116 ገደማ ስለ ኔሮን ሲጽፍ፣ ክርስቶስ በጢባርዮስ ዘመን በጴንጤናዊው ጲላጦስ እንደተገደለ ይናገራል። ታሲተስ ክርስቲያኖችን ይጠላቸዋል፤ እምነታቸውን አጉል እምነት ይለዋል። ሊያግዘን ብሎ አልጻፈም። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍም (ጆሴፈስ) «ክርስቶስ የተባለው የኢየሱስ ወንድም» ስለሆነው ስለ ያዕቆብ መገደል ጽፏል። እዚያው መጽሐፍ ላይ ስለ ኢየሱስ የሚናገር ሌላ ረዘም ያለ አንቀጽ አለ፤ እሱ ላይ የክርስቲያን እጅ ስለገባበት አልጠቅስብህም። በሙያው ያሉ የማያምኑ የታሪክ ምሁራን እንኳ ኢየሱስ የሚባል ሰው መኖሩንና መሰቀሉን በሰፊው ይቀበላሉ። ክርክሩን ከዚያ በኋላ እንጀምር።

ወንጌላቱ ይጋጫሉ ላልከው፣ መቃብሩ ጋ ያለውን ታሪክ ምሳሌ አድርገሃል። ማርቆስ አንድ ጎልማሳ ይላል፣ ሉቃስ ሁለት ሰዎች። ማቴዎስ ሁለት ሴቶች ይጠቅሳል፣ ማርቆስ ሦስት። እውነት ነው፣ ይለያያሉ። የይሁዳ አሟሟትም በማቴዎስና በሐዋርያት ሥራ በተለያየ መንገድ ነው የተጻፈው፤ የሚያስታርቁ ሊቃውንት አሉ፣ ሁሉም አንባቢ ግን አይረካም። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ታቲያን የሚባል ሰው አራቱን ወንጌሎች አዋህዶ አንድ ወጥ ትረካ አዘጋጅቶ ነበር። የሶርያ ቤተ ክርስቲያኖች ለረጅም ጊዜ አንብበውታል። ልዩነቱን መደበቅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ዕድል አያገኝም። ቤተ ክርስቲያን ግን አራቱን ከነልዩነታቸው አቆየች።

ደግሞ የሚስማሙበትን ተመልከት። አራቱም ባዶውን መቃብር መጀመሪያ ያዩት ሴቶች ናቸው ይላሉ። በዚያ ዘመን የሴት ምስክርነት ሚዛን አይደፋም ነበር። ሉቃስ ራሱ ሐዋርያት የሴቶቹን ወሬ ቅዠት አድርገው እንዳላመኑ ጽፏል። ታሪክ ፈጥሮ ሕዝብ ሊያሳምን የተነሣ ሰው ለጴጥሮስና ለዮሐንስ ይሰጠው ነበር እንጂ ለመግደላዊት ማርያም አይሰጥም።

አሁን ወደ ባርነት። ከሰባቱም የሚከብደው ይህ ነው። ጅማ ሆኖ ማንሳቱም ቀላል አይደለም። ዛሬ ሂርማታ ወርደን ቡናና ማር የምንገዛበት ገበያ በአባ ጅፋር ዘመን ሰው ይሸጥበት ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ የተፈነገሉ ልጆች በዚህች ከተማ አልፈዋል። ጣት ወደ ጅማ ነገሥታት ብቻ መቀሰር ግን ሐሰት ይሆናል። ክርስቲያን መኳንንትም ባሪያ ነበራቸው። ፍትሐ ነገሥትም ባርነትን በሕግ ደንግጓል። ሙሉ በሙሉ በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው፤ አያቶቻችን የሚያስታውሱት ነገር ነው።

አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ ይባላልና ከባዱን ጥቅስ ራሴ ላንብበው። ዘጸአት 21፥20 እና 21 ላይ ጌታ ባሪያውን በበትር መትቶ ቢገድል ይቀጣል፤ ባሪያው አንድ ሁለት ቀን ቢቆይ ግን «ገንዘቡ ነውና» አይቀጣም ይላል። ሳነበው ዛሬም ይከብደኛል። 1ኛ ጴጥሮስ 2፥18 አገልጋዮች ለጠማማ ጌቶችም እንዲገዙ ይናገራል። እነዚህን የለም የሚልህ ክርስቲያን አላነበባቸውም።

ነገር ግን ምዕራፉን ወደ ኋላ መልስ። እዚያው ዘጸአት 21፥16 ሰውን ሰርቆ የሸጠ ይገደል ይላል። ዘዳግም 23፥15 ከጌታው የኮበለለን ባሪያ አሳልፈህ አትስጥ፣ በመረጠው ስፍራ ካንተ ጋር ይቀመጥ ይላል። ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 1፥10 ሰው ፈንጋዮችን ከነፍሰ ገዳዮች ተርታ ያስቀምጣል። እነዚህን ሕጎች ሂርማታ ላይ አኑራቸው። ፈንጋዩ ይገደላል፣ የኮበለለው አይመለስም። የባሪያ ገበያው እንዴት ይቆማል? ክርስቶስም ስለ ፍቺ ሲጠየቅ ሙሴ የፈቀደው ስለ ልባችሁ ጥንካሬ ነው፣ ከጥንት ግን እንዲህ አልነበረም ብሏል። ሕጉ ውስጥ ለጊዜው የተፈቀደና እግዚአብሔር ከመጀመሪያ የፈለገው የሚባል ልዩነት እንዳለ የነገረን እሱ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኑሲሱ ጎርጎርዮስ ይህን ይዞ ባርነትን ከሥሩ ተቃወመ፤ በእግዚአብሔር መልክ ለተፈጠረ ሰው ማን ዋጋ ያወጣለታል ብሎ ሰበከ።

«የጌቶች መጽሐፍ» ስላልከው ደግሞ ጌቶቹ ምን እንዳደረጉ ልንገርህ። በ1807 በብሪታንያ ሥር በነበሩት የካሪቢያን ደሴቶች ላሉ ባሪያዎች ተብሎ ለንደን ላይ የተቆራረጠ መጽሐፍ ቅዱስ ታትሟል። እስራኤል ከግብጽ ባርነት የወጡበት ታሪክ ተቆርጦ ወጥቷል። በክርስቶስ ባሪያ የለም ጨዋ ሰው የለም የሚለው የገላትያ ቃልም የለበትም። ለጌቶች የተጻፈ መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ መቁረጥ ለምን አስፈለጋቸው?

ወደ አካባቢያችን ስመለስ አስቴር ጋኖ ትዝ ትለኛለች። በልጅነቷ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ በባርነት ወደቀች። ሊሙ ከጅማ ሩቅ አይደለም፤ ቡናውን ሁላችን እናውቀዋለን። ወደ ዓረብ ምድር ልትሸጥ በመርከብ ስትጓዝ በ1886 የጣሊያን መርከብ ይዟት ነጻ ወጣች። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ኦነሲሞስ ነሲብ ነበር። እሱም የኢሉባቦር ልጅ ነው፣ እሱም በልጅነቱ ተፈንግሎ ተሽጧል፣ በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጥቷል። ስሙን ያገኘው ጳውሎስ ለፊልሞና «ከእንግዲህ እንደ ባሪያ አይደለም፣ የተወደደ ወንድም እንጂ» ብሎ ከላከለት ከአናሲሞስ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሱት። በ1899 በግእዝ ፊደል ታተመ። እናትና አባቷን፣ መንደሯንና ልጅነቷን የተነጠቀች ልጅ ጉልበቷን የሰጠችው ለዚህ መጽሐፍ ነው። ከገዛ ሕይወቷ ጌታ ምን እንደሆነ ታውቃለች። መጽሐፉ የጌቶች መሆን አለመሆኑን ከእኔም ካንተም በላይ እሷ ትመሰክራለች።

የቀረው የመጨረሻው ነጥብህ ነው፤ አማኝ ጥያቄ ይፈራል፣ ሐሳቡንም አይቀይርም የሚለው። ግማሹ እውነት ነው፣ ያውም የሚያመኝ እውነት። ኮቺ ሠፈር አንድ ቤት ለጸሎት ተሰብስበን ነበር። ጸሎቱ አልቆ ቡና ቀርቧል፣ ቶናው እየተቀዳ ነው። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ታናሽ ወንድሟን በወባ አጥታ ነበርና «ያን ሁሉ ስንጸልይ እግዚአብሔር የት ነበር?» ብላ ጠየቀች። አንድ ትልቅ ሰው «ልጄ፣ ይሄ የሰይጣን ጥያቄ ነው፣ ተይው» አሏት። ልጅቷ ሲኒዋን ረከቦቱ ላይ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። በረካ አልጠጣችም። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት አላየኋትም።

ጋሼ ክፉ አስበው አልነበረም። ግን መጽሐፍ ቅዱስ ከእሳቸው ጋር አይቆምም። በመጽሐፈ ኢዮብ እግዚአብሔርን በጥያቄ ያጣደፈው ኢዮብ ነው፤ እግዚአብሔርን ሲከላከሉ የዋሉት ወዳጆቹ ናቸው። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በወዳጆቹ ላይ ነው፤ «እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅንን ነገር አልተናገራችሁም» አላቸው። መዝሙር 88፣ በግእዙ ዳዊት 87፣ በጨለማ ነው የሚያልቀው፤ ማጽናኛ የለውም፤ ግን ዛሬም ይጸለያል። ልጁ የታመመበት አባት ለኢየሱስ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ሲለው ኢየሱስ አልመለሰውም፣ ልጁን ፈወሰለት። ጴጥሮስም ስለ ተስፋችሁ ምክንያት ለሚጠይቃችሁ ሁሉ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ፣ በየዋህነትም ይሁን ብሎ ያዛል። ያቺን ልጅ ዝም ማሰኘት ክርስትና አይደለም።

ሐሳብ መቀየርን በተመለከተ፣ ሃይማኖቴ የሚፈርስበትን ቦታ ጳውሎስ ራሱ አሳይቶሃል። ወደ 55 ገደማ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ «ክርስቶስ ካልተነሣ ስብከታችን ከንቱ ነው፣ እምነታችሁም ከንቱ ናት» አለ። እዚያው ላይ ከሞት የተነሣውን ክርስቶስን ከ500 የሚበልጡ ወንድሞች እንዳዩት፣ ብዙዎቹም ገና በሕይወት እንዳሉ ጽፏል። ሄዳችሁ ጠይቁ እንደማለት ነው። እኔም እዚያው ላይ ነው የቆምኩት። ክርስቶስ አለመነሣቱ ከተረጋገጠ የማምንበት ነገር አብሮ ይወድቃል፤ «ቢሆንም ባይሆንም ልቤ ይሞቃል» ብዬ አልቀጥልም።

አንተ ግን በጽሑፍህ ይህን ጥያቄ ለእኛ ብቻ ነው ያቀረብከው። ምን ዓይነት ማስረጃ ቢቀርብልህ «ተነሥቷል» ትላለህ? ምንም የለም ከሆነ መልስህ፣ የከሰስከን በዚሁ ነውና ግልጽ አድርገው። አንድ ነገር ካለ ግን ጻፈው፤ እሱን ይዘን እንቀመጣለን።